ያለ ዲስክ የፋክስ ፕሮግራም በቤት ኮምፒውተር ላይ ማዘጋጀት

በደብረ ማርቆስም ሆነ በቡሬ፣ በሞጣም ሆነ በዳንግላ ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ከዕቃው ጋር የመጫኛ ዲስክ ማግኘቱ ብርቅ ነው። ኮምፒውተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ዲስኩ ጠፍቶ ይቀራል፤ አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ደግሞ ዲስክ የሚገባበት ቦታ ጭራሽ የላቸውም። ስለዚህ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ውል ወይም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከቤቱ ሆኖ በፋክስ ለመላክ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዲስኩን ከየት ላምጣ?» ብሎ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ፍለጋ ከንቱ ድካም ነው። የፋክስ ፕሮግራሙ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ ባይኖርም ከኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይወርዳል። ሥራውን የሚያሰናክሉት በአብዛኛው የስልክ መስመሩና ሞደሙ (ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመሩ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) በመሆናቸው፣ ይህ መመሪያ ከእነርሱ ይነሣና ወደ ፕሮግራሙ ይሄዳል።

መስመሩን መመርመር

ፋክስ ገጹን ወደ ድምፅ ለውጦ በስልክ መስመር ያስተላልፋል፤ በወዲያኛው በኩል ያለው መሣሪያ ድምፁን ተቀብሎ መልሶ ወደ ገጽ ይለውጠዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው በሽቦ የገባ መደበኛ የቤት ስልክ ነው። ሞባይልም ሆነ ሲም ካርድ የሚገባበት የጠረጴዛ ስልክ ለዚህ አያገለግልም፤ የተሠሩት የሰውን ንግግር ጨምቀው ለማስተላለፍ ስለሆነ የፋክሱን ድምፅ ያዛቡታል። ከፋይበር መሣሪያ ጋር የተያያዘ ስልክ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ ብዙ ገጽ ሲላክበት ግን መካከል ላይ የመቋረጥ ጠባይ አለው።

መስመሩን ለመፈተን መነጋገሪያውን አንሥተው ያዳምጡ። የማያቋርጥና ጥርት ያለ ድምፅ ከተሰማ መልካም ነው። የመንጫጫት ወይም የመጥበስ ዓይነት ድምፅ ካለበት፣ በተለይም በክረምት ውኃ ወደ ሽቦ መገጣጠሚያዎች ሲገባ ይህ የተለመደ ነውና፣ ለሰው ንግግር የሚበቃው መስመር ለፋክስ ላይበቃ ይችላል፤ ብልሽቱን አስመዝግቦ ማስጠገን ይቀድማል። በዚያው ሽቦ ኤዲኤስኤል ኢንተርኔት የሚጠቀሙ ከሆነ የፋክስ ሞደሙ መሰካት ያለበት የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት በሚለየው ትንሽ ማጣሪያ ላይ ስልኩ በሚገባበት ቀዳዳ እንጂ በቀጥታ ከግድግዳው መሆን የለበትም።

የጎጃምን ነጎድጓድ የሚያውቅ ሰው የሚከተለውን ምክር ቸል አይለውም። ብዙዎቻችን ደመና ሲጠቁር ኮምፒውተሩን ከመብራት እንነቅላለን፤ የስልኩን ሽቦ ግን እንደተሰካ እንተወዋለን። መብረቅ በአካባቢው ሲወድቅ በስልክ ሽቦው የሚመጣው ኃይል ሞደሙን ያቃጥላል፤ አንዳንድ ጊዜም ሞደሙን አልፎ ኮምፒውተሩን ይጎዳል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆየው ዩፒኤስ የሚከላከለው በመብራት ገመድ የሚመጣውን ሲሆን የስልክ መስመር ማሳለፊያ ቀዳዳ ከሌለው በዚህ በኩል ምንም አይረዳም። ስለዚህ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሥራ ሲያበቃ ሁለቱንም ገመድ መንቀል ልማድ ይሁን።

ሞደሙን መለየት

በብዙ ቤት የሚገኘው በዩኤስቢ የሚሰካ የኢንተርኔት ዶንግል በኮምፒውተሩ ዝርዝር ውስጥ «ሞደምስ» ከሚለው ርእስ ሥር ተመዝግቦ ይታያል። ይህን አይቶ «ሞደም አለኝ» ብሎ የሚደመድም ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ዶንግሉ የስልክ ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ የለውምና ፋክስ አይልክም። የፋክስ ሞደም ከስልክ ሽቦ ጋር የሚገጥም ትንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው። ቀዳዳዎቹ ሁለት ከሆኑ «ላይን» ከሚለው ወደ ግድግዳው፣ «ፎን» ከሚለው ወደ ስልኩ ይዘረጋል። በቆዩ ዴስክቶፖች ካርዱ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ ይገኛል፤ በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ላፕቶፖች ግን ይህ ስለሌላቸው በዩኤስቢ የሚሰካ የ56 ኪሎቢት ፋክስ ሞደም መግዛት ግድ ነው። ሻጩን «ዳታ ብቻ ነው ወይስ ፋክስም አለው?» ብሎ መጠየቅና ከካርቶኑ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

ሞደሙ ከተሰካ በኋላ «ኮንትሮል ፓናል» ከፍተው «ፎን ኤንድ ሞደም» የሚለውን ይጫኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት አገርና የአካባቢ መለያ ቁጥር ይጠይቃል፤ ከዝርዝሩ ኢትዮጵያን መርጠው፣ ለደብረ ማርቆስም ሆነ ለባሕር ዳር አካባቢ 58 ብለው ያለ ዜሮ ይሙሉ። ከዚያ «ሞደምስ» በሚለው ገጽ የሞደሙን ስም መርጠው «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎም «ዳያግኖስቲክስ» ውስጥ ገብተው «ኩዌሪ ሞደም» የሚለውን ይጫኑ። ጥቂት ቆይቶ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «ኤፍክላስ» የሚል ቃል ያለበትን መስመር ይፈልጉ። መልሱ ከ0 ሌላ 1 ወይም 2 ካለበት ሞደሙ ፋክስ ያውቃል፤ 0 ብቻ ከሆነ የትኛውም ፕሮግራም ቢጫን ፋክስ አይልክም። ይህ ምርመራ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያተርፈው ልፋት ግን ብዙ ነው።

ሞደሙ በዝርዝሩ ካልታየ የጎደለው ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኘ ዊንዶውስ 10 እና 11 ብዙ ሞደሞችን ራሳቸው ያውቃሉ። ካላወቁ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበትን ዕቃ በቀኝ ክሊክ ከፍተው፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ዲቴይልስ»፣ «ሃርድዌር አይዲስ» በሚለው ቅደም ተከተል ይሂዱ። እዚያ የአምራቹና የዕቃው መለያዎች ይገኛሉ፤ እነርሱን ጽፈው ይዘው ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ለእርስዎ ዊንዶውስ የሚስማማውን ባለ 32 ወይም ባለ 64 ቢት ድራይቨር ያውርዱ። ድራይቨር ፈልጎ ይጭናል የሚባል ፕሮግራም ከየቦታው ማውረድ አይመከርም፤ ከአንድ ድራይቨር ጋር የማይፈለጉ አምስት ነገሮች ይዞ ይገባል።

ፕሮግራሙን ያለ ዲስክ ማስገባት

በዊንዶውስ 10 እና 11 መጀመሪያ ስታርትን ከፍተው «ፋክስ» ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉ። «ዊንዶውስ ፋክስ ኤንድ ስካን» የሚል ከመጣ ፕሮግራሙ አለ፤ የሚጫን ነገር የለም። ካልመጣ «ሴቲንግስ» ውስጥ «አፕስ»፣ ከዚያ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ይክፈቱ፤ በቅርብ በታደሰ ዊንዶውስ 11 ይህ ዝርዝር «ሲስተም» ከሚለው ሥር ተዛውሯል። ፊቸር ለመጨመር የሚያስችለውን ቁልፍ ተጭነው ከዝርዝሩ «ዊንዶውስ ፋክስ ኤንድ ስካን» የሚለውን ይምረጡ። ፋይሉ የሚመጣው ከማይክሮሶፍት ሲሆን መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ከሞባይል ስልክ ሆትስፖት በተገኘ ኢንተርኔት እንኳ ይወርዳል። መካከል ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ እንደገና ከመጀመር በቀር የሚመጣ ጉዳት የለም። ፋክሱ በዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ ግን በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ክብደቱ እንዲቀንስ ብዙ ነገር የተቆረጠለት ዊንዶውስ ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚህ መፍትሔው ያልተቆረጠ ዊንዶውስ በፍላሽ ማስጫን ነው።

በዊንዶውስ 7 ኢንተርኔትም አያስፈልግም። «ኮንትሮል ፓናል» ውስጥ «ፕሮግራምስ»፣ ከዚያ «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» ከፍተው፣ «ፕሪንት ኤንድ ዶኩመንት ሰርቪስስ» ከሚለው ጎን ያለችውን የመደመር ምልክት ሲጫኑ ፋክሱ ይወጣል፤ ሳጥኑ ላይ ምልክት አድርገው «ኦኬ» ማለት ይበቃል።

አስቸጋሪው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ በእርግጥ ዲስክ የሚጠይቀውም እርሱ ነው። «አድ ኦር ሪሙቭ ፕሮግራምስ» ውስጥ ገብተው፣ «አድ ሪሙቭ ዊንዶውስ ኮምፖነንትስ» ከሚለው ዝርዝር «ፋክስ ሰርቪስስ» የሚለውን ሲመርጡ የኤክስፒን ሲዲ አስገባ ይላል። በዚህ ጊዜ ሥራውን ሳያቋርጡ «ብራውዝ» ይበሉና በሲ ድራይቭ ላይ «አይ386» የሚባል ፎልደር ይፈልጉ። ከፋብሪካ ሲወጣ የተጫነለት ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ይህን ፎልደር በሲ ላይ ወይም በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ይይዛል፤ ሰርቪስ ፓክ የሚባለው የማይክሮሶፍት የማሻሻያ ጥቅል የተጫነበት ከሆነ ደግሞ ሌላ ተመሳሳይ ፎልደር «ሰርቪስ ፓክ ፋይልስ» ውስጥ ይገኛል። ፕሮግራሙ አንዱን ፋይል ከመጀመሪያው፣ ሌላውን ከሁለተኛው ሊጠይቅ ስለሚችል እንዳጣው በተናገረ ቁጥር ሌላውን ፎልደር ማሳየት ነው። በውስጡ ያሉት ፋይሎች ስማቸው በመጨረሻ በታች ሰረዝ (_) ቢያልቅ አይደናገጡ፤ ተጨምቀው ስለተቀመጡ ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ ይዘረጋቸዋል። ፎልደሩ ከሌለ ተመሳሳይ እትምና ተመሳሳይ ሰርቪስ ፓክ ካለው የጎረቤት ኮምፒውተር በፍላሽ ቀድቶ ማምጣት ይቻላል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው በ2014 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ለፋክስ ብቻ አውሎ ከኢንተርኔት ማራቅ ይመረጣል።

ፋክስ ያለው ፕሪንተር ገዝተው ዲስኩ የጠፋባቸውም አሉ። የእነርሱ ጉዳይ ቀላል ነው፤ ፕሪንተሩ የራሱ የፋክስ ሞደም ስላለው የስልክ ሽቦው የሚገባው ከእርሱ ነው፤ ፕሮግራሙም በሞዴሉ ስም ከአምራቹ ድረ ገጽ ይገኛል። በሚያወርዱበት ጊዜ ግን «ቤዚክ» የተባለው አነስተኛ ድራይቨር ብዙውን ጊዜ ማተሚያውን ብቻ የሚያስነሣ ስለሆነ ሙሉውን ይምረጡ።

አካውንት መክፈትና መለያ መሙላት

«ዊንዶውስ ፋክስ ኤንድ ስካን»ን ከፍተው ከታች በግራ በኩል «ፋክስ» የሚለውን ይጫኑ። ከዚያ «ቱልስ» ውስጥ «ፋክስ አካውንትስ»፣ ቀጥሎ «አድ» ብለው ከሞደም ጋር ለመገናኘት የሚለውን ይምረጡ። ስም ከሰጡት በኋላ ፋክስ ሲመጣ እንዴት ይቀበል ብሎ ይጠይቃል። ስልኩ ለቤተሰብም የሚያገለግል ከሆነ ራሱ እንዲያነሣ ማድረግ ጥሩ አይደለም፤ እናት ከገጠር ስትደውል ኮምፒውተሩ አንሥቶ እንዲጮኽባት የሚፈልግ የለም። «ኖቲፋይ ሚ» የሚለው ለቤት የተሻለ ነው፤ ስልኩ ሲጠራ ምልክት ያሳይና መቀበል አለመቀበሉን ለእርስዎ ይተዋል። በመጨረሻ ፋየርዎሉ ፈቃድ ሲጠይቅ ይፍቀዱለት።

በ«ፋክስ ሴቲንግስ» ውስጥ የላኪና የተቀባይ መለያ የሚሞሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። በእነዚህ ቦታዎች የአማርኛ ፊደል አይሄድም፤ ርዝመቱም ከ20 ምልክት አይበልጥም። ስለዚህ 251 58 ብለው ጀምረው የስልክ ቁጥሩን ብቻ ይሙሉ። ይህ መለያ በተቀባዩ ወረቀት ራስጌ ላይ ከቀንና ከሰዓት ጋር ይታተማል፤ ለዚህም የኮምፒውተሩ ሰዓት ትክክል መሆን አለበት። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ የእኛ ሰዓት «ናይሮቢ» ተብሎ በተጻፈው ሥር ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት አሮጌ ኮምፒውተር መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል፤ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀንና ራስጌው ላይ የታተመው ቀን በዓመታት ሲለያዩ የጨረታ ሰነድ ቢሆን ክርክር ያስነሣል። ባትሪው ርካሽ ነውና ይለወጥ።

አማርኛ ደብዳቤ ማሰናዳት

ፋክስ ለአማርኛ የሚመች ጠባይ አለው፤ የሚሄደው የገጹ ሥዕል ስለሆነ ተቀባዩ የፊደሉ ፎንት ቢኖረውም ባይኖረውም ደብዳቤው እንደ ተጻፈ ይደርሳል። ችግሩ ጥራቱ ነው። በመደበኛው የፋክስ ጥራት ከላይ ወደ ታች በአንድ ኢንች ውስጥ የሚሰለፉት 98 መስመሮች ብቻ ናቸው፤ በጥሩው ጥራት ግን 196 ይሆናሉ። የአማርኛ ፊደል ደግሞ የሚለየው በትንንሽ ቅጥያ ነው። የ«ቡ» ቅጥያ ከእግሩ መካከል፣ የ«ቢ» ከእግሩ ታች መሆኑን በመደበኛው ጥራት ትንሽ ሆኖ በተጻፈ ደብዳቤ ላይ መለየት ያስቸግራል፤ የሰውም ስም የገንዘቡም መጠን በዚህ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ በፊደል መጠን ከ14 ሳያንሱ ይጻፉ፤ ኒያላ ወይም ሌላ እግሩ ደህና አድርጎ የሚታይ ፎንት ይምረጡ፤ በፋክስ ፕሪንተሩ «ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስስ» ውስጥም ጥራቱ «ድራፍት» ሳይሆን «ኖርማል» መሆኑን ያረጋግጡ። እዚያው ላይ የወረቀቱ መጠን ብዙ ጊዜ «ሌተር» ሆኖ ይመጣልና ወደ «ኤ4» ይለውጡት፤ አለዚያ ከደብዳቤው ግርጌ ያለው «ግልባጭ» ተቆርጦ ሊቀር ይችላል።

ማኅተምና ፊርማ ላለበት ወረቀት ስካነር ይጠቀሙ። ፋክስ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሚያውቅ ሐምራዊው ማኅተም በፊርማውና በቲተሩ ላይ ካረፈ ሦስቱም አንድ ጥቁር ክብ ሆነው ይደርሳሉ። ስካን ሲያደርጉ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ቢያደርጉት ማኅተሙ ሳስቶ በውስጡ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። በሞባይል የተነሣ ፎቶግራፍ ግን የእጅ ጥላ ያረፈበት ማዕዘን ሙሉ በሙሉ ስለሚጠቁር አይመከርም።

መላክና መቀበል

አስተማማኙ የመላኪያ መንገድ ደብዳቤውን በተጻፈበት ፕሮግራም ከፍቶ እንደሚያትሙ ሁሉ «ፕሪንት» ብሎ፣ ከማተሚያዎቹ ዝርዝር «ፋክስ» የሚለውን መምረጥ ነው። ፒዲኤፍም በዚሁ መንገድ ይሂድ፤ በአባሪነት ሲያያዝ አንዳንድ ጊዜ ወደ ገጽ መለወጥ ያቅተዋል። አዲስ መስኮት ሲከፈት የተቀባዩን ቁጥር አሥሩንም አኃዝ፣ ለአዲስ አበባ ከሆነ ከ011 ጀምረው ይጻፉ፤ «ዳያሊንግ ሩል» የሚለውን «ነን» ላይ ይተዉት። ከፕሮግራሙ ጋር የመጡት የሽፋን ገጾች እንግሊዝኛ ስለሆኑ የአማርኛውን ሽፋን ራሱን እንደ ደብዳቤው መጀመሪያ ገጽ አድርጎ መጻፍ ይሻላል።

ከመላክዎ በፊት ቁጥሩን ደግመው ያንብቡ። ቁጥሩ የተሳሳተ እንደ ሆነ ኮምፒውተሩ የአንድን ሰው ቤት እየደወለ፣ በየሦስት ሴኮንድ ተኩል የምትደገም አጭር የጩኸት ድምፅ ያሰማዋል፤ ካልተሳካለትም ቆይቶ እንደገና ይደውላል። የድጋሚ ጥሪውን ብዛትና በመካከሉ ያለውን ጊዜ በ«ፋክስ ሴቲንግስ» ውስጥ መወሰን ይቻላል፤ ብዛቱን ዝቅ ማድረግ ለጎረቤትም ለስልክ ሂሳብም ይበጃል።

ለመቀበል ኮምፒውተሩ መብራት ያለውና ያልተኛ መሆን አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ አያዋጣም፤ ላኪው አስቀድሞ ደውሎ «አሁን ልላክ?» ቢልና እርስዎም ፕሮግራሙን ከፍተው ቢጠብቁ የተሻለ ነው። ስልኩ ሲጠራ «ሪሲቭ» የሚለውን ይጫኑ፤ መነጋገሪያውን አያንሡ። አንድ ገጽ ለማለፍ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ መስመሩ ከተረበሸ ሁለቱ መሣሪያዎች ተስማምተው ፍጥነታቸውን ስለሚቀንሱ ይረዝማል።

የሚያጋጥሙ እንከኖች

መነጋገሪያው ላይ ድምፅ እያለ ፕሮግራሙ «የመደወያ ድምፅ የለም» ካለ፣ ሞደሙ ለሌላ አገር የተሠራ ሆኖ የእኛን መስመር ድምፅ ሳያውቀው ቀርቷል። በሞደሙ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «አድቫንስድ» ከሚለው ገጽ ተጨማሪ ትእዛዝ የሚጻፍበት ሳጥን ላይ፣ ኤ፣ ቲ እና ኤክስ የተባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደሎች ከቁጥር 3 ጋር ያለ ክፍተት አያይዘው ይጻፉ፤ ይህ ድምፁን ሳይጠብቅ እንዲደውል ያደርገዋል። በሌላ በኩል ፋክሱ ከ«አውትቦክስ» ሳይወጣ ከቀረ የዊንዶውስ የፋክስ አገልግሎት ቆሞ ሊሆን ስለሚችል «ሰርቪስስ» ውስጥ «ፋክስ» የሚለውን አስነሥተው «አውቶማቲክ» ያድርጉት። ከአንድ ቁጥር ጋር ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ብልሽቱን በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ከመፈለግ በፊት ያንን ቁጥር በስልክ ደውለው ያዳምጡ፤ የፋክስ ጩኸት ፋንታ ሰው ከመለሰ መሣሪያው ተነቅሏል ማለት ነው።

የተላኩትና የተቀበሏቸው ገጾች ሁሉ በቲፍ ዓይነት ፋይል በሲ ድራይቭ ላይ፣ ተሰውሮ በሚገኘው «ፕሮግራም ዳታ» ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። የጥገና ባለሙያ ኮምፒውተሩን ፎርማት ሲያደርግ «ዶኩመንትስ»ና «ዴስክቶፕ» ላይ ያለውን ብቻ ወደ ፍላሽ ቀድቶ ይህን ይዘነጋዋል፤ ስለዚህ የሚፈለጉትን ፋክሶች ከ«ኢንቦክስ»ና ከ«ሴንት አይተምስ» አንድ በአንድ ከፍተው «ሴቭ አዝ» ብለው በራስዎ ፎልደር ያስቀምጡ፤ ውልና የክፍያ ማረጋገጫ ከሆኑ ደግሞ አትመው ከዋናው ሰነድ ጋር ያያይዟቸው።